ባዶ ብልቃጥ ላይ የተለጠፈ ስም

ዶክተሩ ወረቀቱን ገልጦ መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣ በመጨረሻ የገዛ ጫማውን ሲያይ እማማ ቁጥሬ ነገሩ ገባቸው። በሰባ አንድ ዓመታቸው ክፉ ወሬን ከአፍ ሳይወጣ ከዓይን ማንበብ ለምደዋል። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያዙና፣

«በል ልጄ፣ አታንዛዛው። ምን ይላል?» አሉት።

«በሽታው ተመልሷል፣ እማማ» አለ ዶክተሩ። «ከሰኞ ጀምሮ ተኝታ ሌላ መድኃኒት ትጀምራለች። ከበፊቱ በጣም የከበደ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ሰውነቷ ከቻለው…» ቀሪውን ዋጠው።

ልጅቷ የልጅ ልጃቸው ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ትጠርዛለች። ሙጫ የነካቸው ይመስል ጣቶቿን እርስ በርስ የማሸት ልማድ አላት። አሁንም ያንኑ እያደረገች፣ ገና ብቅ ብቅ ማለት የጀመረ ፀጉሯን በሻሽ እንደሸፈነች፣ «እሺ» አለች።

እማማ ቁጥሬን ያንገበገባቸው ይኼ «እሺ» ነበር። እናቷ ከሞተችባት ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ሲያሳድጓት አንድም ቀን በቀላሉ እሺ ያላለች ልጅ፣ ሹራብ ደርቢ ሲሏት ግማሽ ቀን የምትከራከር ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራት እሺ!

«ስጠኝ እስቲ ወረቀቱን» አሉ።

«የሕክምና ቋንቋ ነው፣ እማማ።»

«ቁጥር የለበትም?»

«አለበት።»

«እንግዲያው ስጠኝ። ቁጥር አነባለሁ።»

እማማ ቁጥሬ የተባሉት ያለ ነገር አይደለም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠሩት በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። የእንግዳው ሸሚዝና ሱሪ ወደ ማጠቢያው ከመግባቱ በፊት የክፍሉን ቁጥር በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጽፈው፣ ከውስጥ በኩል በቀይ ክር ሰፍተው ያያይዙ ነበር። ሲታጠብ፣ ሲተኮስ፣ ሲታጠፍ ቁጥሩ አብሮት ይዞራል። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ እስኪጠፋ ድረስ ቁጥሬ ሲባሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ቅጽል ስሙም አብሯቸው ወጣ።

ከሰባት ወር በፊት በሽታው ሲገኝ ያስረዳቸው ይኸው ዶክተር ነበር። ነጭ የደም ሴል ሁሉ ላዩ ላይ ፕሮቲኖች ይሸከማል፤ ፕሮቲኖቹ የሚጠሩት በቁጥር ነው፤ ማሽኑ ቁጥሮቹን እያነበበ የታመመው ሴል ከየትኛው ቤተሰብ እንደወጣ ይለያል። የደም ካንሰር አንድ ዓይነት ብቻ ስላልሆነ መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚያ ነው። ኋላም መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ እነዚያኑ ቁጥሮች የተሸከሙ የታመሙ ሴሎች ደሟ ውስጥ ቀርተው እንደሆነ ማየት ነው።

«እንደ ልብስ ቁጥር በለኛ!» ብለውት ነበር ያኔ።

ዶክተሩም ስቆ፣ «እኔ ከተማርኩበት መጽሐፍ እርስዎ ይሻላሉ» አላቸው።

የእሷ ቁጥሮች አሥራ ዘጠኝና አሥር ነበሩ። እማማ ቁጥሬ የመድኃኒት ሰዓት የሚመዘግቡበት ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልልቁ ጽፈው ሁለት ጊዜ አስምረውባቸዋል።

አሁን መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። አነበቡ። ደብተሩን ከቦርሳቸው አወጡ። ደግመው አነበቡ።

«ይኼ የእኛ አይደለም።»

«ምኑ፣ እማማ?»

«የእኛ አሥራ ዘጠኝና አሥር ነው። እዚህ ላይ የተጻፈው አሥራ ሦስትና ሠላሳ ሦስት ነው። የሌላ ሰው ልብስ ነው የሰጠኸን።»

ዶክተሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ደክሞታል። ከበሩ ውጭ ያለው አግዳሚ ወንበር ጢም ብሎ ሞልቷል። «አይቼዋለሁ። ያልተለመደ ነው። ግን አልፎ አልፎ በሽታው ሲመለስ ቤተሰቡን ቀይሮ የሚመጣበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ የከበደውም ለዚህ ነው።»

«አልፎ አልፎ!» እማማ ቁጥሬ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳጥብ ቁጥሩን ቀይሮ ከማጠቢያ የወጣ ሸሚዝ አላየሁም። ቁጥሩ ሌላ ከሆነ ሸሚዙ ሌላ ነው። ደሟን ድገሙላት!»

«ማሽኑ አንድ ብቻ ነው። ወረፋው ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ወረቀቱ እውነት ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አንችልም። ወረፋውን መስበር የሚችለው የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ምድር ቤት። ግን እኮ እማማ…»

እማማ ቁጥሬ ተነሥተዋል። አንድ እጃቸው ወረቀቱን፣ ሌላው የልጅቷን ክንድ ይዟል።

ደረጃውን ሲወርዱ ልጅቷ፣ «እማ፣ ቀስ በይ እንጂ» አለች። «በሽተኛዋ እኔ ነኝ። ወድቀሽ አልጋዬን እንዳትቀሚኝ።»

«ዝም በይ። ሹራብሽን ቆልፊው፣ እታች ይበርዳል።»

«ተይው እማ። አይሰሙንም።»

«እንደሱ ብለሽ እሺ አልሻቸው! ከመቼ ወዲህ ነው እሺ ማለት የተማርሽው?»

የላቦራቶሪው ኃላፊ ነጭ ጋዋኑ እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ የሰካ ሰው ነበር። እማማ ቁጥሬ አተኳኮሱን አይተው መጀመሪያ ጥሩ ሰው መስሏቸው ነበር። ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ ግን ሳቅ አለ።

«እናቴ፣ እዚህ ቤት መቀያየር የሚባል ነገር የለም። ይምጡ፣ አሠራራችንን ላሳይዎት።»

ወደ ደም መቅጃው ክፍል በር ወሰዳቸው። መዝጋቢው፣ ቀጭን መነጽራም ጎልማሳ፣ ከፊቱ ባዶ ብልቃጦች የሞሉበት መደርደሪያ አድርጎ ተቀምጧል። ከመዝገብ ላይ ስም እያየ በትንንሽ ነጭ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ወረቀቱን ባዶው ብልቃጥ ላይ ይለጥፋል፣ ብልቃጡን ቀዳዳው ውስጥ ይሰካል።

«ሰው ሲመዘገብ ቁጥር ይይዛል» አለ ኃላፊው፣ አዲስ ቤት እንደሚያስጎበኝ ሰው ደረቱን ነፍቶ። «ስሙ ብልቃጥ ላይ ይለጠፋል። ብልቃጦቹ በተራ ይደረደራሉ። ደም ቀጂዋ በተራ እያነሣች ትቀዳለች። ስም መጠየቅ የለ፣ ወረቀት ማገላበጥ የለ። በአንድ ጠዋት ስድሳ ሰው! ይኼን አሠራር ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

እማማ ቁጥሬ ወደ መደርደሪያው ጎንበስ ብለው ብልቃጦቹን አዩ። ፊታቸው በቁጣ ሲቀላ ልጅቷ አየች።

«ስም አትጠይቅም?» አሉ ቀስ ብለው።

«ለምን ትጠይቃለች? ተራው ይነግራታል።»

«ሰውዬ» አሉ እማማ ቁጥሬ፤ «እርስዎ» ማለቱ እዚያው ላይ ቀረ። «እኔ በነበርኩበት ማጠቢያ ቤት አንዷ ልጅ እንዳንተ ቀልጣፋ ነበረች። ልብሱ ገና ከክፍል ሳይወርድ የእንግዶቹን ዝርዝር ይዛ ቁጥሮቹን ሁሉ አስቀድማ ጻፈች፣ ደረደረች። ልብሱ ሲመጣ በተራ ትሰፋበት ጀመር። አንዱ እንግዳ ሱሪውን ሳይሰጥ ቀረና ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በአንድ ተንሸራተተ። በርሜል የሚመስለው ሰውዬ የቀጭኑን ሱሪ፣ ቀጭኑ የበርሜሉን ሱሪ ይዘው መተላለፊያው ላይ በውስጥ ሱሪ ቆመው ተሰዳደቡ። እኛ ሳቅን። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ልብሱ እጃችን ሳይገባ መርፌ አናነሣም ነበር። ለሱሪ! ለሱሪ እንዲህ ተጠነቀቅን። አንተ ባዶ ብልቃጥ ላይ የሰው ስም ትለጥፋለህ?»

መዝጋቢው ሳቁን አፍኖ አንገቱን ደፋ። ኃላፊው ግን አልሳቀም።

«ተረትዎን ሰማሁ። እዚህ ግን የሚንሸራተት ነገር የለም፤ ሰው ሁሉ በቁጥሩ ነው የሚገባው። ግድግዳው ላይም ተጽፏል።» በእርግጥም ተጽፏል፤ «በቁጥርዎ ይጠብቁ» ይላል፣ በቀይ። «የልጅቷ ደም የተቀዳ ዕለት ከተራው የወጣ ሰው ነበር? ካለ ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ አስደግማለሁ። ከሌለ ግን ሥራ አለብኝ።»

እማማ ቁጥሬ «የለም» ሊሉ ነበር። 

ያን ጠዋት ትዝ አላቸው። አግዳሚው ላይ ከልጅቷ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀምጣ ታስል ነበር፤ ደረቷ እስኪነቃነቅ። ዶክተሩ ደግሞ «ከሚያስል ሰው አርቋት፣ ጉንፋን እንኳ ይጎዳታል» ብሎ አስጠንቅቋቸዋል። ልጅቷ የያዘችው ቁጥር ሃያ ሁለት ነው። ሃያ አንድ የያዘው፣ ካፖርቱ ከራሱ የሚሰፋ አንድ ሽማግሌ፣ በሩ አጠገብ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሟል። እማማ ቁጥሬ ተነሥተው፣ «ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ ልትወድቅብኝ ነው፣ ራሷን አዙሯታል፣ እባክህ አስቀድማት» አሉት። ራሷን አላዞራትም ነበር። ውሸት ነው። ልጅቷ እንዲያውም፣ «እማ ምን ሆነሽ ነው!» ብላ በእፍረት ካባቸውን ጎትታለች። ሽማግሌው ግን ፈገግ ብሎ በሩን በምርኩዙ ከፈተላትና፣ «ግቢ የኔ ልጅ። የኔ ደም እንደሆነ የትም አይሄድብኝም» አለ።

የትም አይሄድብኝም!

 ብልቃጡ በዓይነ ሕሊናቸው መጣ፤ ቁጥር ሃያ አንድ፣ የሰውየው ስም ያለበት፣ የልጅቷን ደም ጠጥቶ። ሃያ ሁለት፣ የልጅቷ ስም ያለበት፣ የሰውየውን። ወደ ልጅቷ ዞሩ። እሷም እያየቻቸው ነበር፤ ገብቷታል። አላጋለጠቻቸውም። ጣቶቿን ብቻ ታሻለች።

«አለ» አሉ እማማ ቁጥሬ። «ከተራ የወጣ ሰው አለ። እኔ ነኝ ያወጣሁት። ታማለች ብዬ ዋሽቼ ልጄን ከአንድ ሽማግሌ ፊት አስገባሁ።»

ኃላፊው እጆቹን ዘረጋ። «ይኸውልዎ! ጥፋቱ ታዲያ የማን ሆነ? ደንቡን ጥሰው እኛን ሊከሱ መጡ?»

«የኔ ጥፋት የኔ ነው!» አሉ እማማ ቁጥሬ፣ መተላለፊያው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን እስኪያስግግ። «ወረፋ ዘልያለሁ፣ ዋሽቻለሁ፣ ይፈረድብኝ! ግን አንዲት አሮጊት አንድ እርምጃ ስለዘለለች ሰው የማይገባውን መርዝ የሚጠጣበት አሠራር ምን ዓይነት አሠራር ነው? እዚህ ደክሞት የተቀመጠ፣ ሽንት ቤት የሄደ፣ ስልክ የተደወለለት የለም? ስድሳ ሰው እያልክ ትኮራለህ። ከስድሳው ስንቱን 'ስምህ ማነው' ብላችሁታል? አንድ ቃል! አንድ ቃል ነው የቆጠባችሁት!»

ደም ቀጂዋ ከውስጥ ጓንቷን እንዳደረገች ወጥታ ቆማለች። «እውነታቸውን ነው» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «እኔም ፊት አላይም። የማየው ክንድ ነው።»

ኃላፊው ገላመጣት። ግን ሰው ተሰብስቧል፤ የሚያስሉትም ሳላቸውን ይዘው እየሰሙ ነው። «በቃ፣ በቃ። የልጅቷ ይደገም። ዛሬ ይቀዳ፣ ዓርብ ይደርሳል። ጨረስን?»

ልጅቷ እጅጌዋን መሰብሰብ ጀመረች። እማማ ቁጥሬ ግን ከበሩ ፈቀቅ አላሉም።

«የሰውየውስ?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ሃያ አንድ ቁጥር። ባለ ካፖርቱ። የእኛ ወረቀት የሱ ከሆነ የሱ ወረቀት የእኛ ነው። ምን ብላችሁ ሰደዳችሁት?»

መዝጋቢው ሳይጠየቅ መዝገቡን ገለጠ፤ ጣቱ መስመሩ ላይ ቆመ። «ንጹሕ» አለ ቀስ ብሎ። «የታመመ ሴል አልተገኘም ነው የሚለው። ውጤቱን ያለፈው ሰኞ ወስደዋል።»

«እሱ ቅሬታ አላቀረበም» አለ ኃላፊው። «የናንተ ዓርብ ሲመጣ እናያለን። ያለ ምክንያት ሰው አናስደነግጥም።»

እማማ ቁጥሬ ይኼን ሲሰሙ እንባቸው መጣ፤ የንዴት እንባ ነው። «ቅሬታ! ዳንክ የተባለ ሰው ምን ብሎ ነው ቅሬታ የሚያቀርበው? 'ለምን ዳንኩ' ብሎ? እኔ ይኼን ወረቀት የተጠራጠርኩት ክፉ ስለሆነ ነው። ጥሩ ቢሆን ኖሮ ከአናቱ የልጄ ስም ተሳስቶ ቢጻፍ እንኳ አላስተውለውም ነበር! በደሙ ውስጥ የሚያድግ ነገር ተሸክሞ ቤቱ ገብቶ እየሳቀ ነው፣ አንተ ዓርብ ትለኛለህ!»

እንዲህ ብለው በሩ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን እግራቸው ሥር አኖሩ። የጥበቃ ሠራተኛው ተጠርቶ መጣ፤ ጎበዝ፣ ትከሻው ሰፊ። «እማማ፣ ይነሡልኝ እንጂ» አላቸው፣ ከትእዛዝ ይልቅ ልመና በሚመስል ድምፅ።

«ልጄ፣ አንተ ካነሣኸኝ አልጣላህም። ግን ክብደቴን እወቀው፤ ወገብህ አደራ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። ጥበቃውም ሳቀና ወገቡን ይዞ ቆመ። ልጅቷ ያኔ መጣችና ከአያቷ አጠገብ ቁጭ አለች። «እኔም አልቀዳም» አለች ኃላፊውን ቀና ብላ እያየች። «ለሰውየው እስኪደወል ክንዴን አልሰጥም። እሺ አልልም።»

እማማ ቁጥሬ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። ሰባት ወር ሙሉ የናፈቁት ድምፅ ነበር።

በመጨረሻ የደወለው ዶክተሩ ነው። ጩኸቱ ፎቅ ድረስ ተሰምቶት ወርዶ፣ ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አድርጎ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። የሰውየው የቀድሞ ቁጥሮች አሥራ ሦስትና ሠላሳ ሦስት ነበሩ። ከሁሉ ፊት፣ በገዛ ስልኩ ደወለ። ሰውየው ምሥራቹን ለልጁ ሊነግር ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ዓርብ ጠዋት እደርሳለሁ አለ።

ዓርብ የልጅቷ ውጤት ወጣ። አሥራ ዘጠኝ የለም፣ አሥር የለም፣ አሥራ ሦስት የለም፣ ሠላሳ ሦስት የለም። የታመመ ሴል አልተገኘም። የሰኞው መድኃኒት ተሰረዘ። እማማ ቁጥሬ ወረቀቱን አራት አጥፈው ደብተራቸው ውስጥ አስገቡት። ልጅቷ፣ «እልል አትይም እንዴ?» አለቻቸው። እልል አላሉም። ዓይናቸው በሩ ላይ ነበር።

ካፖርቱ መጀመሪያ ገባ፤ ሰውየው ቀጥሎ። ሲያያቸው አወቃቸው። «አሃ፣ ዛሬም ልትቀድሙኝ ነው?» አለ እየሳቀ። «ተሳስቷል ብለው ጠሩኝ። ምን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ ጠፋ።»

«እኔ እነግርሃለሁ፣ ወንድሜ» አሉ እማማ ቁጥሬ። ዶክተሩ ሊናገር ሲል በእጃቸው ከለከሉት። «ያ ጥሩ ወረቀት ያንተ አይደለም። የልጄ ነው። ያን ቀን ራሷን አዙሯታል ያልኩህ ውሸቴን ነበር። እነሱም ሳይጠይቁ ቀዱ። ሁላችንም በድለንሃል።»

 ሰውየው ምርኩዙን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ለልጄ ነግሬያታለሁ እኮ» አለ። «የልጅ ልጆቼን አቅፌ… ነግሬያቸዋለሁ።» ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። «እርስዎ ባይጮሁ ኖሮ መቼ ነበር የማውቀው?»

ዶክተሩ መሬት መሬቱን አየ። ለሱ ያ በቂ መልስ ነበር፤ ፊቱ በንዴት ቀላ። ደም መቅጃው ክፍል ገባና ካፖርቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ደም ቀጂዋ ባዶውን ብልቃጥ፣ ምንም ያልተለጠፈበትን፣ አነሣች። «ስምዎን ይንገሩኝ» አለች። ሰውየው ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ፣ መተላለፊያው እስኪያስተጋባ ጮሆ ተናገረ። እሷም እዚያው፣ እያየ ጻፈችው።

እማማ ቁጥሬ ትንሽ ተነፈሱ። የልጅቷን ሹራብ ቆልፈው፣ ሻሿን አስተካክለው፣ ሊወጡ ወደ ደረጃው ዞሩ። በመዝጋቢው መስኮት በኩል ሲያልፉ ግን እግራቸው ቆመ።

መዝጋቢው አንገቱን ደፍቶ እየሠራ ነው። ከመዝገብ ላይ ስም ያያል፣ ይጽፋል፣ ይለጥፋል፣ ይሰካል። ከፊቱ የቀጣዩ ሰዓት መደርደሪያ ቆሟል፤ ሃያ፣ ሠላሳ ባዶ ብልቃጥ፣ እያንዳንዱ የሰው ስም ተሸክሞ፣ በተራ።

«ምን ታደርጋለህ?» አሉት።

መዝጋቢው ቀና ብሎ ደነገጠ። «እማማ… ያቺ የናንተ ጉዳይ ብቻ ናት በስም የተጠየቀችው። ኃላፊው አሠራሩ እንዳለ ይቀጥል ብለዋል።»

ልጅቷ አያቷን አየች። ከዚያ ወደ በሩ፣ ፀሐይ ወደሚገባበት አየችና ፈገግ አለች። ቦርሳቸውን ከእጃቸው ተቀበለቻቸው።

«ኃላፊውን ጥራልኝ» አሉ እማማ ቁጥሬ፣ የበሩ ጥግ ላይ ያለውን ያንኑ ወንበር እየጎተቱ። «ጥበቃውንም ጥራው። ወገቡ እንደተሻለው ልጠይቀው።»